መጋቢ እናት የዓመቱን ሥራ እንዴት ታደራጅ? በጎጃም ለሚገኙ የሴቶች አንድነት ገዳማት

እያንዳንዷ የራሷን ስንቅ ይዛ በምትኖርበት በቁሪት ገዳም ያለች እናት ስንቋን ሳታመዛዝን ብትቀር የምትቸገረው እርሷ ራሷ ናት። በአንድነት ገዳም ግን መነኮሳይያት የግል ጎተራ የላቸውም፤ የሚበሉት ከማኅበሩ ማዕድ፣ የሚለብሱት ከማኅበሩ ዕቃ ቤት በመሆኑ የማኅበሩን ስንቅና ሥራ የምታደራጀው መጋቢ ስትሳሳት ማኅበሩ በሙሉ ይቸገራል። ችግሩም በረኃብ ብቻ አይቆምም፤ እህል የጎደለባቸው እኅቶች ለልመና ሲወጡ፣ ማገዶ ያለቀባቸው በዝናብ ጫካ ለጫካ ሲንከራተቱ ጸሎቱ ይታጎላል። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወለተ ጴጥሮስ በጣና ሐይቅ ዙሪያ ሴቶችን በአንድ ማኅበርና በአንድ ሥርዓት ከሰበሰበችበት ጊዜ ጀምሮ እስከ ዛሬ ድረስ በሴቶች ገዳም ሥራ የሚሠራው ጸሎት እንዳይቋረጥ ነው። ስለዚህ መጋቢ ሆና የተመረጠች እኅት አንድ ነገር አጥብቃ ልትይዝ ይገባታል፤ ጾሙና በዓሉ ለሥራ ሲባል ከቦታቸው አይነቃነቁምና ሥራው ለእነርሱ ይታዘዝ፣ ለእያንዳንዱ ጾም የሚያስፈልገውም ነገር ቢያንስ አንድ ወቅት ቀድሞ በቤት ይግባ።

ከዚህ በታች የተጻፈው በተለይ ጤፍ፣ ገብስና ባቄላ ለሚያመርቱት የደጋና የወይና ደጋ ገዳማት ማለትም በአዴት፣ በሞጣ፣ በቢቸናና በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ላሉት ዓይነት ይስማማል። በዘጌ ባሕረ ገብ መሬት በሬ ጠምዶ ማረስ በቀደመው ሥርዓት የተከለከለ ስለሆነና ኑሮው በቡናና በፍራፍሬ ላይ ስለተመሠረተ፣ በዚያ የአዝመራውን ክፍል ትቶ የቀረውን መጠቀም ይቻላል።

በቅድሚያ የሥራውን ጊዜ መለካት

ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋምና መንፈቀ ሌሊት የሚባሉት ሰባቱ የጸሎት ጊዜያት ቀኑንና ሌሊቱን ስለሚከፋፍሉት፣ ለእጅ ሥራ የሚተርፈው ጊዜ ከጠዋቱ ጸሎት ከኪዳን በኋላ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለው፣ ያውም በየመካከሉ ደወል የሚሰማበት ነው። ከወሩ 30 ቀናት ቅዳሜና እሑድ ሲወጡ፣ ወርኃዊዎቹ የሚካኤል (12)፣ የማርያም (21)፣ የመድኃኔ ዓለምና (27) የበዓለ ወልድ (29) በዓላት ሲታሰቡ ከባድ ሥራ ሊሠራባቸው የሚቻሉት ቀናት 18 ገደማ ቢሆኑ ነው፤ የገዳሙ ታቦት የሚታሰብበት ቀን ሲጨመር ደግሞ ከዚያም ያንሳሉ። በወር 30 ቀን እንዳለ አድርጋ የምታቅድ መጋቢ በመጨረሻ እኅቶችን ማጣደፏ አይቀርም፤ መጣደፍ ደግሞ በገዳም ውስጥ ለጠብ በር ይከፍታል።

ቀጥሎ የሚመጣው የአጽዋማትና የበዓላት ማስሊያ የሆነው ባሕረ ሐሳብ ነው። መስከረም 1 ቀን የዓመቱ አጽዋማትና በዓላት ሲታወጁ መጋቢዋ ጽፋ ልትይዛቸው ይገባል። የዐቢይ ጾም መግቢያ ከየካቲት 1 በታች፣ ከመጋቢት 5 በላይ አይውልም፤ ጾመ ሐዋርያትም ከግንቦት 16 እስከ ሰኔ 20 ባለው ጊዜ ውስጥ ገብቶ ሁልጊዜ ሐምሌ 4 ቀን ያበቃል። የዚህ ልዩነት ለጎተራ ቀላል አይደለም፤ ጾመ ሐዋርያት በ2016 ዓ.ም. 18 ቀን ብቻ ሲሆን፣ በ2018 ዓ.ም. ግን ግንቦት 24 ቀን ስለሚገባ 41 ቀን ይጾማል። ስለዚህ ባለፈው ዓመት የበቃ ሽሮ ዘንድሮም ይበቃል ብሎ መተማመን አይገባም።

ጥር፦ ጎተራው የሚለካበት ወር

የመጋቢዋ ዓመት የሚጀምረው በጥር ወር፣ ምርቱ ከአውድማ ገብቶ ባበቃበት ጊዜ ቢሆን መልካም ነው። በዚህ ጊዜ የገዳሙ አስተዳዳሪ እመ ምኔቷና ሁለት ወይም ሦስት አረጋውያት እናቶች ባሉበት እህሉ በየዓይነቱ ተሰፍሮ ይመዘገባል። ከሁሉ አስቀድሞ የሚለየው ዘር ነው። ቀጥሎ ለመገበሪያ ማለትም ለቅዱስ ቁርባን ኅብስት የሚሆነው ንጹሕ ስንዴ፣ ከዚያም የእንግዳና የነዳያን ድርሻ ይወጣል፤ የቀረው የማኅበሩ ቀለብ ይሆናል። ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ግድ ነው፤ ቀለቡን አስቀድማ ለይታ ዘሩን ከተረፈው አወጣለሁ የምትል መጋቢ በሰኔ ዘር ፍለጋ ገበያ መውጣቷ አይቀርምና።

የቀለቡ ስሌት ከባድ አይደለም። ለአንዲት እኅት በቀን ግማሽ ኪሎ እህል ቢታሰብ፣ 30 እኅቶች ያሉበት ገዳም በዓመት ወደ 55 ኩንታል ያስፈልገዋል። ይህ ቁጥር ለጤፉም፣ ለገብሱም፣ ለጥራጥሬውም በአንድነት የተያዘ ስለሆነ መጋቢዋ ከጠቅላላው አንድ አራተኛ የሚሆነውን ባቄላ፣ አተር፣ ሽምብራና ምስር እንዲሆን ብታደርግ ለጾመኞች ኃይል ይሆናል። በዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው ስለ ጓያ ነው። ጓያ በዝናብ እጥረትም ስለሚበቅልና ዋጋው ስለሚረክስ ለገዳም ስጦታ ሆኖ በብዛት ይመጣል፤ ነገር ግን ለሳምንታት በዋና ምግብነት ሲበላ እግርን የሚያሽመደምድና የማይድን በሽታ ያመጣል። በዓመት ከግማሽ በላይ ለሚጾሙ፣ ወተትና ሥጋ ለማይቀምሱ እናቶች አደጋው የበረታ ስለሆነ፣ ጓያው በሽሮ ውስጥ ዋና ሆኖ እንዳይገባ መጋቢዋ ራሷ መጠበቅ አለባት።

ባቄላና ሽምብራ በነቀዝ ስለሚጎዱ ጤፍ እየነሰነሱ በጎታ ማስቀመጥ የቆየና የሚሠራ ዘዴ ነው፤ ደቃቁ ጤፍ በፍሬዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ስለሚሞላ ነቀዙ መንቀሳቀሻና አየር ያጣል። ሲፈለግ በወንፊት መለየት ነው።

ጥር 11 ቀን ከጥምቀት ጀምሮ ምእመናን በብዛት ይመጣሉ፤ በሰከላ በኩል ላሉት ደግሞ ጥር 13 የሚውለው የአቡነ ዘርዐ ብሩክ በዓል የእንግዳው ቁጥር የሚበዛበት ነው። ጥር የሠርግ ወርም ስለሆነ የገዳሙ መሶብና ሰፌድ በደኅና ዋጋ የሚሸጠው በዚህ ወር ነው።

ዐቢይ ጾም

የ55 ቀኑ ጾም ከመግባቱ በፊት ባሉት ሳምንታት፣ የነነዌን ሦስት ቀናት እንደ ማስጠንቀቂያ ቆጥሮ፣ ሽሮው ተዘጋጅቶ፣ በርበሬው ተደልዞ፣ በሶው ተፈጭቶ፣ የኑጉ ዘይት ተጨምቆ ማለቅ አለበት። በቡሬና በፍኖተ ሰላም በኩል የሚመረተው በርበሬ በዚህ ሰሞን ከገበያ ሞልቶ ስለሚገኝ የዓመቱን አንድ ጊዜ መግዛት ያዋጣል። ጾሙ ከገባ በኋላ ስግደቱ ስለሚበዛና ማዕዱ ስለሚዘገይ ወፍጮና ድልዝ ለደከመ ጉልበት ከባድ ይሆናል።

ስልጆ በዚህ ወቅት ለማኅበር ከሚዘጋጁት ሁሉ የሚሻል ይመስለኛል፤ አንድ ጊዜ ተሠርቶ ቀናት ይቆያል፣ እሳትም ይቆጥባል። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ሱፉ በጥቂቱ ይታመስና ይወቀጣል፣ በውኃ ተበጥብጦ በንጹሕ ጨርቅ ይጠለላል፤ የወጣው ነጭ ውኃ እሳት ላይ ተጥዶ የባቄላ ዱቄት እየተነሰነሰ፣ ሳይጓጉል እስኪወፍር ድረስ ይማሰላል። ከወረደ በኋላ ፈጽሞ እስኪቀዘቅዝ ይጠበቃል፤ በትኩሱ ሰናፍጭ የተጨመረበት ስልጆ ኃይሉን ያጣል። ሲቀዘቅዝ የተፈጨ ሰናፍጭ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ጤና አዳም ገብቶበት በሸክላ ዕቃ ተከድኖ ለአምስት ቀን ያህል ይቀመጣል። ጎምዘዝ ብሎ አፍንጫን ሲነካ ደርሷል።

የጾሙ ወራት ለቀላል የእጅ ሥራ ይመቻሉ። ፈትል፣ ስፌትና ጥልፍ ተቀምጦ፣ ዳዊት እየተደገመ የሚሠራ ነው። መጋቢዋ በዚህ ወቅት የወጥ ቤቱን ሥራ በሰሞነኛ ማለትም በየሳምንቱ ተራ ብትከፍለው፣ በአመክሮ ላይ ያለችውን ወጣት ደግሞ ከአንዲት አረጋዊት እናት ጋር ብታጣምራት፣ ወጣቷ ሥራውንም ሥርዓቱንም በአንድነት ትማራለች። ለታመሙትና ለደከሙት ጾምን ማቅለል ግን የመጋቢዋ ሥልጣን አይደለም፤ ጉዳዩን ለእመ ምኔቷና ለንስሐ አባት አቅርባ፣ ሲፈቀድ የሚበሉትን በጊዜው ማዘጋጀት የእርሷ ድርሻ ነው።

ለሰሙነ ሕማማት ምንም ሥራ መተው የለበትም። ከሆሳዕና ዋዜማ በፊት ውኃው ተቀድቶ፣ እንጨቱ ተፈልጦ፣ ለጸሎተ ሐሙስ ጉልባን የሚሆነው ስንዴና ባቄላ ተለቅሞ ያድራል፤ ሳምንቱ ለስግደት ብቻ ይቀራል።

በዓለ ሃምሳ፦ ከባዱ ሥራ የሚሠራበት

ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ጾምም ስግደትም የለም፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ ይበላል። እኅቶች ኃይል የሚያገኙበት ጊዜ ይህ ነው፤ ወቅቱም ዋናው ዝናብ ከመግባቱ በፊት ያለው የበልግ ማብቂያ ነው። አንዳንድ ገዳማት ይህን ጊዜ ለዕረፍት ብቻ ሲያውሉት አይቻለሁ፤ ለሰውነት የሚያስፈልገው ዕረፍት የመጀመሪያው ሳምንት ይበቃዋል ብዬ አምናለሁ፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ከባከኑ ክረምቱ ያስከፍላል።

በእነዚህ ሳምንታት የሚሠሩት የጣራ ጥገና፣ የግድግዳ ምርጊት፣ የቦይ ቁፋሮ፣ የማገዶ ክምችትና ለፍልሰታ ሱባኤተኞች የሚሆን የመጸዳጃ ጉድጓድ ናቸው። የሣር ክዳን ያላቸው በዓቶች በኅዳርና በታኅሣሥ ታጭዶ በደረቅ ቦታ የተቀመጠ ሣር ያስፈልጋቸዋል፤ ሣሩ ያኔ ካልታጨደ በግንቦት አይገኝም። በቆርቆሮ የተከደነው ቤት ደግሞ ሚስማሩ የላላበት ቦታ አንድ በአንድ ይፈተሻል። ማገዶው እስከ ሰኔ መጀመሪያ ተሰብስቦ፣ ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ ተደርድሮ፣ ከላይ መከደን አለበት። ከቤተ ክርስቲያኑ ዐጸድ ወይራ፣ ዋንዛና ዝግባ መቁረጥ ፈጽሞ አይገባም፤ ማገዶው ከባሕር ዛፍና ከበጋው ኩበት ይሁን። የመጸዳጃው ጉድጓድ ከምንጭና ከጠበል ርቆ፣ በተዳፋት በኩል ከሆነም ከእነርሱ በታች ይቆፈር።

የእርሻው ዝግጅት የሚጀመረውም በዚሁ ጊዜ ነው። በእኛ ዘንድ ሴት ዕርፍ ጨብጣ ማረስ ስላልተለመደ ገዳማቱ መሬቱን በእኩል ይሰጣሉ፣ ወይም የአካባቢውን ገበሬ በደቦ ይጠራሉ። እኩሉ የሚሻለው ማኅበሩ ትንሽ ሲሆን ነው፤ ስምምነቱም ዘሩን ማን እንደሚያወጣ፣ ገለባው ለማን እንደሚሆን ተጽፎ በምስክር ፊት ይፈረም። ደቦ ሲጠራ መጋቢዋ ሁለት ነገር ታስተውል፤ ቀኑ ወርኃዊ በዓል እንዳይሆን፣ የደቦው ምግብም ከገዳሙ ሥርዓት እንዳይወጣ። ገበሬው ከልቡ ነው የሚመጣው፤ ንፍሮውና ጠላው በሰዓቱ ከደረሰው፣ ሲመለስም እመ ምኔቷ ወጥታ ከመረቀችው በሚቀጥለው ዓመት ሳይጠራ ይመጣል።

ክረምትና ፍልሰታ

ጤፉ የሚዘራው በሐምሌ ነው። ብዙውን ጊዜ መጋቢዎች የሚፈተኑበት ነገር አረሙ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ከሚጾመው ከፍልሰታ ጋር መገጣጠሙ ነው። ፍልሰታ ሱባኤ የሚያዝበት፣ ጠዋት የውዳሴ ማርያም ትርጓሜ የሚሰማበት፣ ቅዳሴው በየቀኑ የሚቀደስበት ጊዜ ስለሆነ እኅቶችን ከእመቤታችን ጾም አውጥቶ ወደ ማሳ መስደድ አይገባም። መፍትሔው መሬቱ በሰኔ ተደጋግሞ ታርሶ፣ አረሙ በቅሎ እንደገና እንዲገለበጥ ማድረግ፣ ዘሩ በሐምሌ መጀመሪያ የተዘራበትን ክፍል ከፍልሰታ በፊት አንድ ጊዜ ማረም፣ ቀሪውን ከነሐሴ 16 በኋላ መመለስ ነው። ጥቂት የሚጎድል ምርት ቢኖርም ይህ የሚሻል ነው እላለሁ።

ሱባኤተኞቹ ከየአቅጣጫው ጥሬና በሶ ይዘው ይመጣሉ። ለእነርሱ መጋቢዋ ከሐምሌ መጨረሻ ጀምራ ማደሪያውን ትከፍላለች፤ ሴቶች በአንድ ወገን፣ ወንዶች ከቅጥሩ ውጭ ወይም በተለየ ስፍራ፣ ለጠበል የመጡ ሕመምተኞች ደግሞ ለብቻቸው ይሁኑ። የመጡት ሁሉ ስማቸውና የመጡበት ቦታ ይመዝገብ። የክረምት ውኃ ስለሚደፈርስ የሚጠጣው ከተፈላ በኋላ ቢሰጥ በጾም የደከመ ሰው በተቅማጥ አይጎዳም። ቄሱና ዲያቆኑ ከሌላ ደብር የሚመጡ ከሆነ የአሥራ አምስቱም ቀን ተራ ከሰኔ ጀምሮ መነጋገር ያስፈልጋል፤ በፍልሰታ ሁሉም ደብር ቀዳሽ ስለሚፈልግ በመጨረሻው ሳምንት የሚጠየቅ ካህን አይገኝም።

ከመስከረም እስከ ጥቅምት፦ ሣር፣ ማርና ጧፍ

ስንደዶና አክርማ የሚለቀሙት በጳጉሜንና በመስከረም፣ ሣሩ ደርሶ ሳይደርቅ በፊት ነው። የዓመቱ ስፌት በሙሉ በእነዚህ ጥቂት ሳምንታት ለቀማ ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነ እግር ያላቸው እኅቶች ሁሉ ይውጡ። አንድ መሶብ ለመጨረስ ወራት ስለሚፈጅ ዘንድሮ የተለቀመው ስንደዶ የሚሸጠው በሚቀጥለው ዓመት ጥር ነው፤ ይህን ያልተረዳች መጋቢ በአንድ ዓመት ለቀማ ስትዘናጋ ጉድለቱ የሚታያት ከዓመት በኋላ ነው።

ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ዘመነ ጽጌ ነው። ማኅሌተ ጽጌ በየሳምንቱ ለእሑድ አጥቢያ ሌሊቱን በሙሉ ስለሚቆም፣ ዓርብ የከባድ ሥራ መጨረሻ ይሁን። በዚሁ ጊዜ አደይና ኑግ አብበው ሜዳው ቢጫ ሲሆን ንቦቹ ያስገባሉ፤ ማሩም በጥቅምትና በኅዳር ይቆረጣል። ማር መቁረጡ በሌሊት በጭስ ስለሚሠራ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። ቀፎው ፈጽሞ እንዳይራቆት፣ ለንቦቹ የበጋ ስንቅ የሚሆን የማር እንጀራ ይተውላቸው።

ማሩ ከተጣራ በኋላ የሚቀረው ሰፈፍ እንዳይጣል። በውኃ ተቀቅሎ በጨርቅ ሲጨመቅ ሰሙ ከውኃው በላይ ይንሳፈፋል፣ ሲቀዘቅዝም እንደ ቂጣ ይረጋል። ከሥሩ የተጠራቀመው ቆሻሻ ተፍቆ፣ ሰሙ ሁለተኛ ቀልጦ ቢጣራ ጧፉ አይንጣጣም። ክሩ ከጥጥ ተፈትሎ፣ ደርበብ ተደርጎ የተገመደ ይሁን፤ የሳሳ ክር ብርሃኑን ያደክማል፣ የበዛ ክር ደግሞ ያጨሳል። ክሩ በቀለጠው ሰም ውስጥ ተነክሮ ይወጣል፣ በጣት መካከል እየተሳበ ይስተካከላል፣ ትንሽ ሲቀዘቅዝ እንደገና ይነከራል፤ ከሦስት ወይም ከአራት ጊዜ በኋላ በለሰለሰ ጣውላ ላይ ተድቦልቡሎ በእኩል ቁመት ይቆረጣል። ሥራው ሰሙ ሳይጠነክር መፍጠን የሚጠይቅ ስለሆነ አንዲቷ ስትነክር፣ ሌላዪቱ ስትስብ፣ ሦስተኛዪቱ ስታድቦለቡል ሦስት እኅቶች ቢሆኑ ያምራል። የዓመቱ ጧፍ ከገና በፊት ተሠርቶ በቀዝቃዛ ቤት ይቀመጥ፤ ለቤተ መቅደሱ የሚበቃው ከተለየ በኋላ የተረፈው ለምእመናን ይሸጥ።

አዝመራውና ጾመ ነቢያት

ከኅዳር 15 እስከ ገና ዋዜማ የሚጾመው ጾመ ነቢያት የሚገባው አጨዳው በደረሰበት ሰሞን ነው። ይህን መግጠም ማስቀረት አይቻልም፤ ጤፉ ከደረሰ አይጠብቅም፣ ከቆየ ይረግፋል። ስለዚህ በዚህ ወቅት ብቻ የቀኑን አሠላለፍ መለወጥ ይገባል። እኅቶቹ ኪዳን እንዳለቀ፣ ጤዛው ገና ሳይረግፍ ወደ ማሳ ይሂዱ፤ ጤፍ በጠዋት እርጥበት ሲታጨድ ፍሬው አይራገፍም፣ ጾመኛም በቀዝቃዛው አየር አይጠማም። ቀትር ላይ ሥራው ይቁምና በማሳው ዳር ጸሎቱ ይድረስ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት ነዶ በማሰርና በመከመር ያልቅ። አረጋውያቱ በገዳሙ ቀርተው የጸሎቱን ተራ ይያዙ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚበላው ማዕድ ደግሞ ከሌላው ጊዜ የጠነከረ ይሁን፤ ስልጆ፣ የባቄላ ወጥ፣ የተልባ ፍትፍት በዚህ ጊዜ ካልቀረበ መቼም አያስፈልግም።

በደጋው የሚዘራው ገብስ ከጤፉ ቀድሞ ስለሚደርስ፣ የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ ሳያገኘው ቢታጨድ ይበጃል። ክምሩ ከመሬት ተለይቶ በድንጋይና በእንጨት ረድፍ ላይ ይሠራ፤ ራሱም ያልታሰበ ዝናብ እንዳያስገባ እንደ ጎጆ ጣራ ተደፍቶ ይታሰር። ውቂያው የበሬና የወንድ ጉልበት ስለሚፈልግ ከገና በኋላ በደቦ ቢደረግ ጾሙ ተፈትቷልና ሠራተኛውን መመገብ ይቀላል። ከዚያ በፊት አውድማው ተጠርጎ፣ በእበት ተለቅልቆ፣ ሁለት ቀን ፀሐይ ተመትቶ መድረቅ አለበት፤ ያልደረቀ አውድማ ጤፉን ከአፈር ያቀላቅለዋልና። ከምርቱ መጀመሪያ የተሰፈረው በኩራት ሆኖ ለቤተ ክርስቲያን ይገባል፤ የመገበሪያው ስንዴም ለብቻው በንጹሕ ጨርቅ ላይ ተበጥሮ፣ ድንጋዩና እንክርዳዱ በእጅ ተለቅሞ፣ ለእርሱ ብቻ በተለየ ዕቃ ታሽጎ ይቀመጣል።